ሃርትስቶንን በነጻ መጫወት፦ ምኑ ደስ ይላል? ምኑስ ያስመርራል?

ማና_አስር
ቅዳሜ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ።

ዛሬ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና «ሃርትስቶንን ልጫን ወይስ ይቅርብኝ? በነጻ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ። እኔ ይህን ጌም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አንዴ እያቆምኩ አንዴ እየተመለስኩ ስጫወት ኖሬአለሁ። አንድም ብር አላወጣሁበትም። እንዲያም ሆኖ «ጫን» ለማለት አመነታሁ። «አትጫን» ማለትም አልሆነልኝም። ስለዚህ ሐሳቤን እዚህ ላስፍረው፤ እናንተም ጨምሩበት።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በዋርክራፍት ዓለም ላይ የተሠራ የካርድ ጌም ነው። ብሊዛርድ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለኮምፒዩተር አወጣው፤ በ2015 ስልክ ላይ ገባ። 30 ካርድ መርጠህ ዴክ ትሠራለህ። ጀግናህ 30 ላይፍ አለው። በየተራህ አንድ ማና (ካርድ ለመጣል የምትከፍለው ጉልበት) ይጨመርልሃል፣ እስከ 10 ድረስ። የተጋጣሚህን 30 ዜሮ ካስገባህ አሸነፍክ። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። ለመማር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደስ ከሚለኝ ልጀምር። ማናው በራሱ ይመጣል። እንደ ማጂክ ባሉ ጌሞች ጉልበት የሚሰጡህ ካርዶች እዚያው ዴኩ ውስጥ ተቀላቅለው ነው ያሉት። ካልወጡልህ እጅህ ሙሉ ሆኖ ምንም ሳትሠራ ትሸነፋለህ። እዚህ ያ የለም። አራተኛው ተራ ላይ አራት ማና አለህ፤ ጥያቄው በምን ታጠፋዋለህ ነው። ሁለተኛ ለሚጀምረው ሰው ደግሞ አንድ ካርድ ይጨመርለታል፣ ሳንቲም የምትባል ካርድም ይሰጠዋል። ሳንቲሟ ለአንድ ተራ ብቻ አንድ ማና ትሰጣለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ጀማሪውንና የቆየውን የምለየው ያቺን ሳንቲም መቼ እንደሚያወጣት አይቼ ነው።

አሠራሩም ያምራል። ትልቅ ካርድ ስትጥል ድም ብሎ ያርፋል፣ ሰሌዳው ይነቃነቃል። ተጋጣሚህ እስኪያስብ ድረስ የሰሌዳውን ጥጋጥግ መነካካት ትችላለህ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ጌም ነው፤ ይህን በሚያህል ጥንቃቄ የተሠራ ሌላ የካርድ ጌም እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደሚያስመርረው። ሰው ሁሉ «ውድ ነው» ይላል። እኔ እንደማየው ትልቁ ችግር ዋጋው አይደለም። በነጻ የሚጫወት ሰው የሚከፍለው ጊዜውን ነው። ችግሩ ያ ያጠራቀምከው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ሌላ ሰው የሚወስን መሆኑ ነው።

ሂሳቡን እንየው። አንድ ፓክ (የታሸገ የካርድ ጥቅል) 100 ጎልድ ነው፤ ጎልድ በመጫወት የሚገኝ የጌሙ ገንዘብ ነው። ፓኩ 5 ካርድ አለው። በ2017 ቻይና ባወጣችው ደንብ ምክንያት ብሊዛርድ ዕድሉን በቁጥር ይፋ አድርጎ ነበር፦ በአማካይ በ20 ፓክ አንድ ሌጀንደሪ (ከሁሉ ብርቅ የሆነው ካርድ)፣ በ5 ፓክ አንድ ኤፒክ (ከእሱ ቀጥሎ ያለው)። የማትፈልገውን ካርድ ሰብረህ አቧራ ታደርገዋለህ፣ በአቧራው የምትፈልገውን ትሠራለህ። ሌጀንደሪ ለመሥራት 1600 አቧራ ያስፈልጋል። ሌጀንደሪ ስትሰብር የምታገኘው ግን 400 ነው። ተራውን ኮመን ስትሰብር 5። እንግዲህ አንድ ሌጀንደሪ በኮመን ብቻ ልሥራ ካልክ 320 ካርድ ትሰብራለህ።

ይህንን እሺ ብለን እንለፈው። ከ2016 ጀምሮ ግን ስታንዳርድ የሚባለው ዋናው መወዳደሪያ የሚቀበለው የዚህንና ያለፈውን ዓመት ካርዶች፣ በነጻ ከሚሰጡት መሠረታዊ ካርዶች ጋር ብቻ ነው። በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ የቆዩት ይወጣሉ። ሚያዝያ ላይ የመጣ ካርድ ሁለት ዓመት ይኖራል። ታኅሣሥ ላይ የመጣው ግን ዓመት ከጥቂት ወር ኖሮ አብሮ ይወጣል። ከፍለህ የገዛህም፣ ስድስት ወር ጎልድ ያጠራቀምክም እኩል ይወጣብሃል። እኔን የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው። እናንተስ?


ቀስ_በቀስ
ቅዳሜ፣ ማታ 3:15

ማና_አስር፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የአክስትህን ልጅ አታስፈራራብን።

እኔም በነጻ ነው የምጫወተው። ዘዴው አንድ ነው፦ አንድ ክላስ (የጀግና ዓይነት) ያዝ። አሥራ አንድ ክላስ አለ። ድሮ ዘጠኝ ነበሩ፤ ዲመን ሃንተር በ2020፣ ዴዝ ናይት በ2022 ተጨመሩ። ሁሉንም ልሞክር ያለ ሰው አቧራው በአንድ ሳምንት ነው የሚያልቀው። አንዱን ወስኖ የያዘ ሰው ግን በየኤክስፓንሽኑ (አዲስ የካርድ ስብስብ በወጣ ቁጥር) አንድ ጥሩ ዴክ አያጣም።

ደግሞ ነገሩ ከድሮው ተሻሽሏል። በ2014 አንድ አዲስ ሰው የሚያገኘው መሠረታዊ ካርዶችን ብቻ ነበር፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ነበሩ። ከ2021 ጀምሮ ግን ኮር ሴት የሚባሉ ከ200 በላይ ካርዶች ለሁሉም በነጻ ይሰጣሉ፤ በየዓመቱም ይቀያየራሉ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ተጫዋች የጀማሪ ደረጃዎችን ሲጨርስ አንድ የተሟላ ዴክ መርጦ በነጻ ይወስዳል። በዚያው ዓመት ሌላም ጥሩ ለውጥ መጥቷል። ፓክ ስትከፍት የያዝከው ካርድ የሚደገመው የዚያ ደረጃ ካርዶችን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ነው። ከአዲስ ኤክስፓንሽን የመጀመሪያዎቹ 10 ፓኮች ውስጥ ቢያንስ አንድ ሌጀንደሪ አለ። ከዚያ በኋላ ዕድልህ ቢከፋ ቢከፋ 40 ፓክ ሳይሞላ ሌላ ይመጣል።

አንድ ምክር። አዲስ ኤክስፓንሽን በወጣ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ውድ ካርድ አትሥሩ። ዲመን ሃንተር የወጣ ጊዜ እንዴት እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከመጠን በላይ በርትቶ ስለነበር በአንድ ቀን ውስጥ ነው ያዳከሙት። ካርድ ሲዳከም ለተወሰነ ጊዜ ሰብራችሁ ሙሉ አቧራችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ይህን አሠራር ሌሎች ጌሞች ቢኮርጁት ደስ ይለኛል።


የሌሊት_ተረኛ
ቅዳሜ፣ ማታ 4:02

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ጌሙን የጀመርነው ለመገናኘት ብለን ነው። ስልክ ስንደዋወል «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ብለን ወሬው ያልቅብን ነበር። ስንጫወት ግን ሰዓቱ መሄዱን አናውቀውም።

ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ያልነገረን ነገር አለ፤ እዚህ ያለ ሁሉ ይወቀው። ጌሙ በሪጅን የተከፋፈለ ነው፦ አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስያ። አካውንትህ አንድ ቢሆንም ካርዶችህ በየሪጅኑ ለየብቻ ናቸው። እኔ አሜሪካ ላይ ስምንት ወር አጠራቀምኩ። ወንድሜ አውሮፓ ላይ አጠራቀመ። እንጋጠም ስንል ከሁለት አንዳችን ባዶ እጁን መሄድ ሊኖርበት ሆነ። ታላቅ ነኝና እኔ ሄድኩ። አውሮፓ ላይ ከዜሮ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን ላመስግን። ኢንተርኔቱ ወንድሜ ጋ ብልጭ ድርግም ሲል ጨዋታው ወዲያው አይጠፋም። ለአንድ ተራ የተሰጠው ጊዜ 75 ሰከንድ ነው። ሊያልቅ ሲል ሰሌዳው መሐል ላይ ገመድ መንደድ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ገመዱ እየነደደ ወንድሜ ተመልሶ ሲገባ አይቻለሁ። ፍጥነት የሚጠይቅ ጌም ቢሆን ኖሮ ከአዲስ አበባ ከእኔ ጋር መጫወት የሚሆን አልነበረም።


የልጆች_እናት
እሁድ፣ ጠዋት 2:30

ይቅርታ፣ ተጫዋች አይደለሁም። የ12 ዓመት ልጄ ይህንን ጌም ጀምሯል። የምትጽፉትን እያነበብኩ ነበር። ይኼ ፓክ የምትሉት ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ ከሆነ ከቁማር በምን ይለያል? ደግሞ ከማያውቀው ሰው ጋር ይጻጻፋል ወይ? በቅንነት ንገሩኝ።


ማና_አስር
እሁድ፣ ጠዋት 3:10

@የልጆች_እናት እህቴ፣ ጥሩ አድርገው ነው የጠየቁት።

መጀመሪያ የመጻጻፉን ነገር ልመልስ፣ እሱ ቀላል ነው። ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጋጠም መጻፍ አይቻልም። ያሉት ስድስት የተዘጋጁ ንግግሮች ብቻ ናቸው፦ ሰላምታ፣ «ጥሩ ተጫወትክ»፣ ምስጋና፣ መደነቅ፣ «ኧረ ተሳሳትኩ» እና ዛቻ። ዛቻውም ጀግናው የሚናገረው የተረት ዛቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ ካስጠሉት የተጋጣሚውን ዝም ማሰኘት ይችላል። ከጨዋታ በኋላ አንድ ሰው የጓደኝነት ጥያቄ ሊልክለት ይችላል። ካልተቀበለው ምንም ሊጽፍለት አይችልም። የማያውቀውን እንዳይቀበል ይንገሩት። ለእኔ ይህ የጌሙ ትልቅ ጥንካሬ ነው። ስድብ የሌለበት የኢንተርኔት ጌም ብርቅ ነው።

ቁማር ነው ወይ ላሉት፣ አልደብቅዎትም። በጎልድ የሚከፈተው ፓክ ገንዘብ አያስወጣም። በገንዘብ የሚገዛው ግን ከቁማር ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። ቤልጂየም በ2018 በገንዘብ ተገዝተው ውስጣቸው በዕድል የሚወሰን ሳጥኖችን የቁማር ሕጌን ይጥሳሉ ብላለች። ብዙ ሌሎች አገሮች እንደዚያ አላሉም። ክርክሩ አላለቀም።


ሂሳብ_አስተማሪ
እሁድ፣ ጠዋት 4:25

@የልጆች_እናት ከላይ የተባለው ላይ ልጨምር። እኔም አባት ነኝ።

ስልኩ ላይ ግዢ ያለ የይለፍ ቃል እንዳይፈጸም ያድርጉ። ከመተግበሪያ መደብሩ ሴቲንግ ውስጥ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አሜሪካ ውስጥ ጌሙ የተመደበው ከ13 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ነው፤ ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅ አጠገቡ ሰው ቢኖር ደግ ነው።

እኔ ከልጄ ጋር ያደረግኩትን ልንገርዎት። ፓክ ከመክፈቱ በፊት «ምን ይወጣል?» ብዬ በወረቀት አስጽፈዋለሁ። ከዚያ የወጣውን ከጎኑ ይጽፋል። 20 ፓክ ያህል ከመዘገብን በኋላ ወረቀቱን ራሱ አየውና «አባዬ፣ እኔ የምፈልጋት ካርድ እንዲህ በቀላሉ አትወጣም ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጎልዱን ይቆጥባል። ዕድልን ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድም ተማሪ እንዲህ በፍጥነት አልገባውም።


ገበጣ_ይሻላል
እሁድ፣ ከሰዓት 8:00

ስለ ዕድል ካነሳችሁ ማንም ያልተናገረውን ልናገር። የዚህ ጌም ትልቁ ድክመት ፓኩ ሳይሆን ጨዋታው ውስጥ ያለው ዕድል ነው።

ካርድ ስትስብ ዕድል መኖሩ ያለ ነው። ኮንከር የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ሃርትስቶን ግን በዚያ ላይ ሌላ ዕድል ይደራርባል። ድሮ ራግናሮስ የሚባል ሌጀንደሪ ነበር። 8 ማና፣ በእያንዳንዱ ተራህ መጨረሻ ከጠላት አንዱን በዘፈቀደ 8 ይመታል። አንድ ቀን ተጋጣሚዬ 8 ላይፍ ቀርቶታል። ሰሌዳው ላይ ያለው አንዲት 1/1 ሚኒየን (1 የምትመታ፣ 1 ላይፍ ያላት ተዋጊ ካርድ) ብቻ ናት። እኔ ራግናሮስን ጣልኩ። የሚመታው ወይ ጀግናውን ነው ወይ ያቺን ትንሽ። እኩል በእኩል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስቤ የተጫወትኩት ጨዋታ በአንዲት ሳንቲም ውርወራ ላይ ወደቀ። እሳቱ ተነሣ፣ በሰሌዳው ላይ ዞረና ትንሿን መታት። በሚቀጥለው ተራ ተሸነፍኩ።

ይህ አንድ ካርድ ነው። ዮግሳሮን የሚባለው ደግሞ በጨዋታው ውስጥ የጠራኸውን አስማት ያህል ሌላ አስማት በዘፈቀደ ይወረውራል፤ ዒላማውም በዘፈቀደ ነው። ራሱን ይገድላል፣ አንተን ይገድላል፣ ሁሉን ያጠፋል። ለሚያይ ሰው ያስቃል። ለሽልማት ለሚወዳደር ሰው ግን ከባድ ነው። ገበጣ ውስጥ ጠጠሮቹን ሁለታችንም እናያለን፤ ከተሸነፍኩ የቆጠርኩት ተሳስቷል ማለት ነው። እዚህ ስሸነፍ ብዙ ጊዜ ምን መማር እንዳለብኝ አላውቅም።


ቀስ_በቀስ
እሁድ፣ ከሰዓት 8:35

@ገበጣ_ይሻላል በአክብሮት አልስማማም።

ያቺን 1/1 ከመጀመሪያው ብትገድላት ኖሮ ራግናሮስ የሚመታው ጀግናውን ብቻ ነበር። ይህ ነው ችሎታው። ዕድሉ አለ፤ ጥሩ ተጫዋች ግን ዕድሉን ወደ እሱ ያዘነብለዋል። በየወሩ ሌጀንድ የሚባለው ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሱት አብዛኞቹ ያው ሰዎች ናቸው። ዕድል ብቻ ቢሆን እንዲህ አይደጋገሙም።

ደግሞ ዕድሉ ባይኖር ጀማሪ የቆየውን መቼም አያሸንፍም። በገበጣ አያቴን አንድ ቀን እንኳ አሸንፌያት አላውቅም።


ገበጣ_ይሻላል
እሁድ፣ ከሰዓት 9:10

1/1 የምታጠፋ ካርድ እጄ ላይ አልነበረችም። ግን ነጥብህ ገብቶኛል። በተለይ ስለ ጀማሪ ያልከው። ለምን እንደተሠራ አሁን ይበልጥ ይገባኛል፤ መውደዱ ግን አልመጣልኝም።


ጠረጴዛ_ለስምንት
እሁድ፣ ማታ 1:20

ሃርትስቶን ውስጥ ስላለው ሌላ የጨዋታ ዓይነት፣ ስለ ባትልግራውንድስ አንድም ሰው አላነሳም!

በነጻ ለሚጫወት ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። በኅዳር 2019 የመጣ ነው። ስምንት ሰው ይጋጠማል። ካርድ መሰብሰብ የለም፣ አቧራ የለም፣ ፓክ የለም። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ሚኒየኖቹን እዚያው ጨዋታው ውስጥ ይገዛል። አሥር ዓመት የተጫወተውም ትናንት የገባውም እኩል ናቸው። እኔ ስታንዳርድን ካየሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ቅሬታ የለኝም አልልም። በ2022 የሲዝን ፓስ ሲመጣ የገዛው ከ4 ጀግኖች ይመርጥ ነበር፣ ያልገዛው ከ2። ጀግና መምረጥ ደግሞ የጨዋታው ግማሽ ነው። ያ ልክ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ከ2 ጀግና መርጬ ብዙ ጊዜ አንደኛ ወጥቻለሁ።


ሰኞ_ሰኞ
እሁድ፣ ማታ 2:05

ማና_አስር «የሚከፍለው ጊዜውን ነው» ያልከው ላይ እኔ ምስክር ልሁን።

ሳምንታዊ ተልዕኮዎቹ ሰኞ ነው የሚታደሱት። በ2024 በአንድ ጊዜ ቁጥራቸውን ከፍ አደረጉት። በራንክ (ለደረጃ በሚደረግ ጨዋታ) 5 ጊዜ አሸንፍ የሚለው 15 ሆነ። ሽልማቱ በጥቂቱ ነው የጨመረው። ሥራ ውሎ ማታ አንድ ሁለት ጨዋታ ለሚጫወት ሰው 15 ድል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ግማሹን ጨዋታ የምታሸንፍ ከሆነ 30 ጨዋታ ነው። አንዱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ 5 ሰዓት። ተጫዋቹ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ከዚያ ወደ 10 አወረዱት።

ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር። በኅዳር 2020 የሽልማቱን አሰጣጥ ሲለውጡ ሰው ሂሳቡን ሠርቶ «ጎልዳችን ቀንሷል» አለ፤ እነሱም ደጋግመው አስተካከሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ እውነት ነው። ይሞክሩናል። ስንጮህ ደግሞ ይሰማሉ። እኔ ሁልጊዜ መጮህ ሰለቸኝ። ጌም የምጫወተው ለማረፍ ነው።


ለጋሱ_ጌም
እሁድ፣ ማታ 3:30

እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ «ለጋስ ቢሆን» ትላላችሁ። ለጋስ የነበሩትን አይቻቸዋለሁ፤ ምን እንደደረሰባቸውም አይቻለሁ።

ሌጀንድስ ኦፍ ራንቴራ የሚባል የካርድ ጌም በ2020 ወጣ። ራዮት የሚባል ኩባንያ የሠራው ነው። በዚያ ጌም በነጻ ሁሉን ካርድ መሰብሰብ ይቻል ነበር፣ በእውነት ይቻል ነበር። በየሳምንቱ ሳጥን ይሰጣሉ፣ የፈለግከውን ካርድ የሚሆን ዋይልድካርድ ይሰጣሉ። ካርዶቹም በጣም ያምሩ ነበር። በጥር 2024 ራዮት ብዙ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት የዚያን ጌም ቡድን አሳነሰው። ያወጣውን ያህል ገቢ አላመጣም አሉ። ሰው ከሰው የሚጋጠምበት ክፍል ላይ የነበረው ትኩረት ቀረ።

ግዌንት የሚባለው የካርድ ጌምም እንዲሁ። ለጋስ ነበር፤ አዲስ ካርድ መጨመሩ በ2023 ቆመ። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ቫልቭ የሚባለው ኩባንያ በ2018 አርቲፋክት የሚባል የካርድ ጌም በ20 ዶላር አወጣ፤ ካርዱም በገንዘብ ነበር። ወራት ሳይቆይ ተጫዋች አጣ። በ2021 ሥራውን አቁመው በነጻ ለቀቁት።

ያ ሁሉ ሲሆን ሃርትስቶን አለ። ከቻይና ገበያ በጥር 2023 ወጥቶ በ2024 ተመልሶ ገብቷል። ዋና መሪው የነበረው ቤን ብሮድ በ2018 ለቆ ማርቭል ስናፕ የሚባል ሌላ የካርድ ጌም ሠራ፤ ሃርትስቶን ግን አልወደቀም። አንዳንዱ ሰው ስለሚከፍል ነው እኛ በነጻ የምንጫወተው። ራንቴራን እስካሁን እናፍቃለሁ። ስሜቴን ለመግለጽ አይደለም የምጽፈው፤ ስንለካ ይህንንም እንቁጠረው ብዬ ነው።


ማና_አስር
እሁድ፣ ማታ 4:00

@ለጋሱ_ጌም ይህንን ሳላስበው ቀርቼ ነበር። ራንቴራን እኔም ወድጄው ነበር።

ግን አንድ ነገር ልመልስልህ። ሌላ ሰው ስለሚከፍል በነጻ እንደምጫወት አውቃለሁ፤ ያ ይገባኛል። የሚከፍለውም ሰው ካርዱ ይወጣበታል እኮ። በ2017 ራግናሮስንና ሲልቫናስ የምትባለውን ሌጀንደሪ ከስታንዳርድ ሲያወጧቸው ካርዱን አስቀርተውልን ሙሉ አቧራውን ጨምረው ሰጡን። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። ልፋቴን ያዩልኝ መሰለኝ። በየዓመቱ እንዲህ አድርጉ አልልም፣ ይከስራሉ። ግን የሚወጣው ካርድ ሲሰበር ከ400 ትንሽ ከፍ ቢል ምን ነበረበት?


ሸገር_ሜጅ
ሰኞ፣ ጠዋት 1:45

ዋይልድ የሚባለውን ሌላውን መወዳደሪያ ረሳችሁት። ከስታንዳርድ የወጣ ካርድ አይጠፋም፤ ዋይልድ ላይ ሁሌም ይሠራል። እኔ ይህንን ሳላውቅ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የወጡብኝን ካርዶች በሙሉ ሰበርኳቸው። ከመካከላቸው ለአንዱ ሦስት ወር የለፋሁባቸው ሌጀንደሪዎች ነበሩ። ከዓመት በኋላ ዋይልድ መጫወት ስጀምር እነዚያኑ ካርዶች በ1600 በ1600 መልሼ ሠራኋቸው። ጀማሪ ካላችሁ ይህንን አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ሌጀንደሪ ከመስበሩ በፊት አንድ ሌሊት ይደርበት።

ሌላው፣ እዚህ አገር ሆኖ መክፈል ለሚፈልግ ሰው። ብዙዎቻችን ጋ ያለው የባንክ ካርድ ውጭ አገር አይከፍልም። ስለዚህ «እኔ በዶላር ልግዛልህ፣ አንተ በብር ስጠኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ለአንዱ ብር ላክሁ። በማግስቱ አካውንቱን ዘግቶ ጠፋ። የአካውንታችሁን ይለፍ ቃል ደግሞ ለማንም አትስጡ። ውጭ ዘመድ ካላችሁ በእሱ በኩል አስገዙ፤ ከሌለ በነጻው ተጫወቱ።


ዳጊ_አዲስ_ገቢ
ሰኞ፣ ማታ 12:50

ሰላም። የማና_አስር የአክስት ልጅ ነኝ። ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጭኜዋለሁ።

ስልኬ ላይ ብዙ ቦታ ያዘ፤ ፎቶዎቼን ወደ ኮምፒዩተር አዛውሬ ነው ያበቃሁት። ዳታም እንዳይበላኝ ዋይፋይ ባለበት አወረድኩት። ሪጅኑን አውሮፓ አድርጌዋለሁ፣ የሌሊት_ተረኛን አንብቤ።

ሜጅ የሚባለውን ክላስ መረጥኩ። ፋየርቦል የምትባለዋን ወድጃታለሁ፤ በ4 ማና 6 ትመታለች። ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ይከብዳል። አንዳንዱን ካርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የማነበው፤ ሳነብ ገመዱ መንደድ ይጀምራል። በአማርኛ የለም አይደል?

ጥያቄ፦ የተሰጡኝን ፓኮች አሁን ልክፈት ወይስ ላቆይ?


ቀስ_በቀስ
ሰኞ፣ ማታ 1:15

@ዳጊ_አዲስ_ገቢ እንኳን መጣህ።

በአማርኛ የለም። ለእኔም መጀመሪያ ላይ ትልቁ ችግር እሱ ነበር። ደግነቱ ቃላቱ ይደጋገማሉ። «ታውንት» ማለት መጀመሪያ እኔን ሳታልፍ ጀግናዬን አትነካም ማለት ነው። «ቻርጅ» የጣልከው በዚያው ተራ ይመታል። «ባትልክራይ» ከእጅህ ስትጥለው የሚሠራው ሥራ። «ዴዝራትል» ሲሞት የሚሠራው። እነዚህን አራት ከያዝክ አብዛኛውን ካርድ ታነባለህ። ካርዱ ላይ ጣትህን ተጭነህ ብታቆይ ማብራሪያም ይመጣልሃል።

በነጻ የተሰጠህን ፓክ ክፈተው፣ አታቆየው። ጎልዱን ግን አትንካ። ለሚመጣው ኤክስፓንሽን አስቀምጠው፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ፓኮች ሌጀንደሪ እንዳላቸው አትርሳ። እስከዚያ ባትልግራውንድስ ተጫወት፣ ጠረጴዛ_ለስምንት እንዳለው። ምንም የሰበርከው እንዳይኖር፣ የሸገር_ሜጅን ነገር ደግመህ አንብብ።


ማና_አስር
ሰኞ፣ ማታ 1:40

ዳጊ፣ ሳትነግረኝ ጫንከው አይደል! ጥሩ አደረግክ። ነገ ማታ 3 ሰዓት አውሮፓ ላይ እንጋጠም። እኔም ኮር ካርዶችን ብቻ ይዤ እመጣለሁ፣ እኩል እንሁን። ፋየርቦልህን ሚኒየን ላይ አታባክናት፤ ለመጨረሻ አስቀምጣት።


የሌሊት_ተረኛ
ሰኞ፣ ማታ 2:10

ነገ ማታ 3 ሰዓት እኛ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ከእንቅልፌ የምነሣበት። እኔና ወንድሜም እንግባ፣ አራት እንሁን። ያሸነፈው ካሸነፈው፣ የተሸነፈው ከተሸነፈው ጋር እንጫወታለን። ስሜን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።